ፍቅር ላልያዘው ሰው ስም ሲፈለግ

ከሞጣ ወደ ሰሜን፣ ዓባይ ጎጃምንና በጌምድርን በሚለይበት ገደል ውስጥ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት መሀሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ገበያተኛው ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች በገመድ እየተሳበ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። የአካባቢው ሰው ድልድዩን «ሰባራ ድልድይ» አለው። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ ተጠግኖ ሰው በእግሩ ማለፍ ሲጀምር ስሙ አልተለወጠም። ከዓመታት በኋላ ጎርፍ ጎድቶት ተንጠልጣይ ድልድይ በአጠገቡ ሲዘረጋም ያው ስም ቀጠለ።

«ሰባራ» የሚለው ስም የጎደለ ነገርን ይናገራል። ስድብ ግን አይደለም። ለመንገደኛ እውነቱን አስቀድሞ የሚነግር ስም ነው፤ ስሙን የሰማ ሰው ገመድና ረዳት እንደሚያስፈልገው ዐውቆ ይመጣል። ስም ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች ትልቁ ይኸው ነው፤ የሆነውን እንደሆነ ይናገራል፣ ሰሚውም በዚያ ልክ ይዘጋጃል።

በዚህ ጽሑፍ የምናስተዋውቀው ስምም የጎደለ ከሚመስል ነገር የተወሰደ ነው። ስሙ «አሮማንቲክ» ይባላል። ይህን ስም የሚይዙ ሰዎች እነማን ናቸው? ስሙ ከየት መጣ? በሥሩ ያሉት ሌሎች ስሞችስ ምንድን ናቸው? አንድ ሰው ከእነዚህ መካከል የራሱን እንዴት ይመርጣል? በቅደም ተከተል እንያቸው።

ቃሉ ምን ማለት ነው?

በአማርኛ «ፍቅር ያዘኝ» እንላለን። የአነጋገሩን ሰዋስው ልብ እንበል። ያዡ ፍቅር ነው፤ ተያዡ ሰው ነው። «ጉንፋን ያዘኝ»፣ «ዝናብ ያዘኝ» በምንልበት መንገድ ነው የምንናገረው። ቋንቋችን አንድ ነገር አስተውሏል፤ ሰው ለአንድ ሌላ ሰው ልቡ ሲመታ፣ እንቅልፍ ሲነሳው፣ የእሱ ወይም የእሷ ብቻ መሆን ሲመኝ፣ ይህ ስሜት ይመጣበታል እንጂ ወስኖ አያመጣውም።

አሮማንቲክ የሚባለው ሰው ይህ ስሜት ይዞት የማያውቅ፣ ወይም እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚይዘው ሰው ነው። «ሮማንቲክ» የሚለውን ቃል ከፊልምና ከዘፈን እናውቀዋለን። ከፊቱ የተጨመረው «አ» ከግሪክ የመጣ ሲሆን «የሌለው» የሚል ትርጉም ይሰጣል፤ «ኢፍትሐዊ»፣ «ኢመደበኛ» ስንል ከፊት እንደምናስቀምጠው የግእዝ «ኢ» ማለት ነው። በአጭሩ «አሮ» ተብሎም ይጠራል።

ዝናብ ያልያዘው ሰው ዝናብን እምቢ አላለም። ፍቅር ያልያዘው ሰውም እንዲሁ ነው፤ ማንንም አልናቀም፣ ምንም አላጠፋም። ስለዚህ ቃሉን ከሌሎች ሦስት ነገሮች ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ አሮማንቲክ መሆን ሰው አለመውደድ አይደለም። አማርኛ «ፍቅር» የሚለውን አንድ ቃል ለእግዚአብሔር፣ ለእናት፣ ለልጅ፣ ለአገር፣ ለጓደኛና ለፍቅረኛ ይጠቀምበታል። እዚህ የምንናገረው ስለ መጨረሻው፣ ፍቅረኛን ፍቅረኛ ስለሚያሰኘው ስሜት ብቻ ነው። እናቱን የሚጦር፣ ለወዳጁ የሚሞት ሰው አሮማንቲክ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ አሮማንቲክ መሆን ከትዳር መታቀብ አይደለም። መታቀብ ውሳኔ ነው፤ አሮማንቲክነት ግን ሰው ራሱን መርምሮ የሚያገኘው የተፈጥሮ ዝንባሌ ነው። ፍቅር ይዞት የታቀበ አለ፤ ፍቅር ሳይዘው ያገባም አለ።

ሦስተኛ፣ አሮማንቲክነትና የፍትወት ስሜት አለመኖር አንድ አይደሉም። የፍትወት መሳብ የማይሰማው ሰው «አሴክሹዋል» ይባላል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ተለያይተውም ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት 4,032 አሴክሹዋል ሰዎችን ጠይቆ 74 በመቶዎቹ የፍቅር ስሜት እንደሚሰማቸው አግኝቷል። በተቃራኒው የፍትወት ስሜት ያላቸው፣ ፍቅር ግን የማይዛቸው አሮማንቲኮችም አሉ።

የነበሩን ስሞች

«እንዲህ ያለ ሰው በእኛ አገር አልነበረም» ብሎ ለመናገር መቸኮል አይገባም። ይልቅስ ሳያገቡ ለሚኖሩ ሰዎች ቋንቋችን ምን ስሞች እንዳሉት ቆጥረን፣ እያንዳንዱ ስም ምን እንደሚለካ እንመልከት።

«ላጤ»፣ «ወንደላጤ»፣ «ሴተላጤ» የሚሉት ስሞች የኑሮ ሁኔታን ይናገራሉ፤ ይህ ሰው ዛሬ ብቻውን ይኖራል ማለት ናቸው። «ፈት» ያለፈ ትዳርን ትናገራለች። «ቆሞ ቀር» ደግሞ ፍርድ ነው። ቃሉ ሰውን በመንገድ ዳር እንደቀረ ያየዋል፤ በተለይም በሴት ላይ ሲነገር ያቆስላል። እነዚህ ሁሉ ሰውን ከውጭ አይተው የሚሰጡ ስሞች ናቸው።

«መናኝ»፣ «ባሕታዊ»፣ «መነኩሴ» የሚሉት ስሞች ክብር አላቸው። «ባሕታዊ» የመጣው ብቻ መሆንን ከሚያመለክተው የግእዝ ሥር ነው። ምንኩስና ደረጃ አለው፤ ቅናት፣ ቆብ፣ አስኬማ። የሚመነኩሰው ሰው ለዓለም እንደሞተ ተቆጥሮ የሙታን ጸሎት ይደገምለታል፤ ብዙ ጊዜም አዲስ ስም ይቀበላል። በፒያኖ ድርሰታቸው ዓለም የሚያውቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር፤ በ21 ዓመታቸው በግሸን ማርያም መንኩሰው ጽጌ ማርያም ተባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በ2023 እስኪያርፉም በዚሁ ስም ተጠሩ። እንዲህ ያለው ስም ቃል ኪዳንን ይናገራል። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ለምን ነገር ሕይወታቸውን እንደሰጡ እንጂ በልባቸው ምን ዐይነት ስሜት እንዳለ አይነግረንም። መነኩሴ ሁሉ አሮማንቲክ ነው ብሎ መገመትም ስሕተት ነው፤ ብዙዎች የተዉት የሚሰማቸውን ነገር ነውና ተጋድሏቸው የሚከበረውም በዚሁ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ስለ ጃንደረቦች ሲናገር በሦስት ይከፍላቸዋል፤ ከእናታቸው ማኅፀን እንዲሁ የተወለዱ፣ ሰዎች ያደረጓቸው፣ ስለ መንግሥተ ሰማያት ራሳቸውን ያደረጉ። ጃንደረባ አሮማንቲክ ማለት አይደለም። ክፍፍሉ ግን ለርእሳችን ትምህርት አለው፤ ከውጭ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ ሦስት ሰዎች በተፈጥሮ፣ በሰው እጅና በራስ ፈቃድ ሊለያዩ እንደሚችሉ ያሳያል።

በቢቸና አቅራቢያ ያለችው ዲማ ጊዮርጊስም ሌላ ትምህርት ትጨምርልናለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የልብ ወለዱ ታላቅ ክፍል የሚፈጸመው በዚህች የዲማ ምድር ነው። ወጣቱ በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ፣ ወላጆቹ «ይኑርልን እንጂ ትዳር ሳይዝ ለቤተ ክርስቲያን ይኑር» ብለው ስለት ይሳላሉ። ልጁ አደገ፤ ሰብለ ወንጌል የተባለችውንም ልጅ አፈቀረ። «ትዳር የማይዝ» የሚለውን ስም የሰጡት ሌሎች ነበሩ፤ ልቡ ግን ከስሙ ጋር አልተስማማም። መከራው በከፊል ከዚህ ይመነጫል። ሰውን ሳይጠይቁ «አያፈቅርም» ብሎ መሰየም በደል ከሆነ፣ ሳይጠይቁ «ማፍቀሩ አይቀርም» ብሎ መሰየምም ያው በደል ነው።

እንግዲህ የነበሩንን ስሞች ስንደምር ስለ ኑሮ፣ ስለ ፍርድና ስለ ቃል ኪዳን የሚናገሩ አሉን። ስለ ውስጣዊው ስሜት፣ ማለትም ፍቅር ስለያዘውና ስላልያዘው ሰው የሚናገር ስም ግን የለንም። ለምን? ምክንያቱ ከትዳር አመሠራረታችን የሚገኝ ይመስላል። በጎጃምም ሆነ በሌላው ደጋ አገር ጋብቻ ለዘመናት የተመሠረተው በሽማግሌ፣ በጥሎሽና በሁለት ቤተሰቦች ስምምነት ነው። ሙሽራውም ሆነ ሙሽሪት «ፍቅር ይዞሃል ወይ? ይዞሻል ወይ?» ተብለው አይጠየቁም ነበር። ፍቅር ይዞት የማያውቅ ሰው አግብቶ፣ ወልዶ፣ ትዳሩን አክብሮ፣ ልዩነቱን ማንም ሳያውቅ፣ ራሱም ሳያውቀው ሊሸመግል ይችል ነበር። ጥያቄው ሳይኖር መልሱ ስም አያወጣም። ዛሬ ግን ጥያቄው መጥቷል። ወጣቱ መጀመሪያ ፍቅረኛ እንዲይዝ፣ ከዚያ እጮኛ እንዲሆን፣ ከዚያ እንዲያገባ ይጠበቃል። ፊልሙም ዘፈኑም ይህንኑ ይነግረዋል። በዚህ ዘመን ፍቅር ያልያዘው ሰው ጓደኞቹ ሁሉ የሚያወሩትን ስሜት እየጠበቀ፣ ሳይመጣ ሲቀርም «ምን ሆኜ ነው?» እያለ ብቻውን ይጨነቃል።

ስሙ ከየት መጣ?

ይህን ጭንቀት የሚያቀልለው ስም የተገኘው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ዶረቲ ቴኖቭ ብዙ ሰዎችን ስለ ፍቅር ጠይቀው ያገኙትን በመጽሐፍ አሳተሙ። ሰውን የሚይዘውን፣ ሐሳቡን የሚቆጣጠረውን ስሜት «ሊመረንስ» ብለው ሰየሙት። ከጥናታቸው ውስጥ ግን ያልጠበቁት ነገር ወጣ፤ ይህ ስሜት ፈጽሞ ይዟቸው የማያውቅ፣ በሌላው ነገር ሁሉ ግን እንደማንኛውም ሰው የሆኑ ሰዎች እንዳሉ አስተዋሉ።

እ.ኤ.አ. በ2001 ዴቪድ ጄይ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ «አቬን» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀውን የአሴክሹዋል ሰዎች የመገናኛና የትምህርት መረብ መሠረተ። በመረቡ የተገናኙ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጨዋወቱ አንድ ልዩነት አስተዋሉ። አንዳንዶቹ የፍትወት መሳብ ባይሰማቸውም ፍቅር ይይዛቸዋል፤ ሌሎቹን ግን እሱም አይይዛቸውም። ሁለቱን ለመለየት «አሮማንቲክ» የሚለው ቃል በዚያ አካባቢ ሥር ሰደደ። ቃሉን የወለደው እንግዲህ የሐኪም ምርመራ አይደለም፤ ሕይወታቸውን በጥንቃቄ የተመለከቱ ሰዎች ውይይት ነው። ስለዚህም ስሙ የበሽታ ስም ሆኖ አያውቅም።

በኋላ አሮማንቲኮች የራሳቸውን ማኅበረሰብ መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያው የአሮማንቲክ የግንዛቤ ሳምንት ተከበረ፤ አሁን በየዓመቱ በየካቲት አጋማሽ፣ ዓለም የፍቅረኞች ቀን ካከበረ በኋላ ባለው ሳምንት ይውላል። በዚያው ዓመት ዛሬ የሚታወቀው ሰንደቅ ዓላማቸው ተነደፈ፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ቀለሞች አሉት። አረንጓዴው የተመረጠው ፍቅርን ከሚወክለው ቀይ ተቃራኒ ነው ተብሎ ነው፤ ነጩ ጓደኝነትን ይወክላል። በግራ እጅ መካከለኛ ጣት ላይ ነጭ ቀለበት ማድረግም ለመተዋወቂያ የሚያገለግል ምልክት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ «አውሪያ» የተባለ፣ ስለ አሮማንቲክነት ትምህርት የሚሰጥ ድርጅት ተቋቋመ።

በአንድ ጥላ ሥር ያሉ ስሞች

የጎጃም ቅኔ ቤት የሚያውቅ ሰው የሚቀጥለውን ለመረዳት አይቸገርም። ቅኔ አንድ ስም ነው፤ በሥሩ ግን ጉባኤ ቃና፣ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ መወድስ እያልን እንለያቸዋለን። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ አለው፤ ተማሪው የሚጀምረውም በእሱ ነው። ለማያውቅ ሰው ሁሉም «ቅኔ» ነው፤ ለባለሙያው ግን እያንዳንዱ የራሱ ልክና የራሱ ስም አለው። «አሮማንቲክ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እንደ ጥላ ሰፊ ሆኖ ሁሉንም ይሸፍናል፤ በሥሩ ደግሞ ልካቸው የተለያየ ስሞች አሉ።

ግሬይሮማንቲክ የሚባለው ሰው ፍቅር ይይዘዋል፤ ግን ከስንት አንዴ፣ ወይም እጅግ ደብዝዞ፣ ወይም በተለየ ሁኔታ ብቻ ነው። «ግሬይ» ግራጫ ማለት ሲሆን በነጭና በጥቁር መካከል ያለውን ቀለም ያመለክታል።

ዴሚሮማንቲክ የሚባለው ሰው ፍቅር የሚይዘው ከሰውየው ጋር ጠንካራ የልብ ትስስር ከመሠረተ በኋላ ብቻ ነው። በዐይን አይቶ መያዝ የሚባለውን ነገር አያውቀውም። «ዴሚ» ግማሽ ማለት ነው።

ሊትሮማንቲክ የሚባለው ሰው ፍቅር ይይዘዋል፤ ያ የወደደው ሰው መልሶ እንዲወደው ግን አይሻም። መልስ ሲያገኝ ስሜቱ የሚጠፋበትም አለ። ቃሉ ድንጋይ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። «ድንጋይ» የሚለው ስያሜ ቀድሞ የሌላ ማኅበረሰብ ነበር ብለው በዚህ ስም መጠራትን ያልወደዱ ሰዎች «አኮይሮማንቲክ» የሚል ሌላ ስም አውጥተዋል። ስሞቹን የሚፈጥሯቸውም የሚያርሟቸውም ባለቤቶቹ መሆናቸውን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

ኩፒዮሮማንቲክ የሚባለው ሰው ፍቅር አይይዘውም፤ እንደ ፍቅረኛሞች ወይም እንደ ባልና ሚስት ያለ ኑሮ ግን ይመኛል። ስሙ «እመኛለሁ» ከሚል የላቲን ቃል ተወስዷል። በቀድሞው ዘመን በሽማግሌ ተጋብተው በሰላም ከኖሩት መካከል እንዲህ ያሉ ሰዎች እንደነበሩ መገመት አይከብድም።

ኳሮማንቲክ የሚባለው ሰው ደግሞ የፍቅርንና የጓደኝነትን ስሜት መለየት የማይችል፣ ወይም ክፍፍሉ ለእሱ ሕይወት ትርጉም የማይሰጠው ነው። «ኳ» በፈረንሳይኛ «ምን?» ማለት ነው። ጥያቄው ራሱ ስም ሆኗል።

አሮፍላክስ የሚባለው ሰው ስሜቱ አንድ ቦታ አይረጋም፤ አንዳንድ ዘመን አሮማንቲክ ነው፣ አንዳንድ ዘመን አይደለም። አሮኤስ የሚባለው ደግሞ አሮማንቲክም አሴክሹዋልም የሆነ ሰው ነው።

በስሞቹ ብዛት የሚገረም አንባቢ ይኖራል። ግን ገበሬው አንዱን «ጤፍ» ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ጥቁር ብሎ የሚለየው ለጨዋታ አይደለም፤ ልዩነቱ በማሳውም በገበያውም ስለሚያጋጥመው ነው። እነዚህ ስሞችም የተወለዱት ሰዎች በሕይወታቸው ልዩነቱ ስላጋጠማቸው ነው።

ስም እንዴት ይመረጣል?

አንድ ሰው ከእነዚህ ስሞች መካከል የራሱን ለመምረጥ ሲነሣ የሚረዱት ነጥቦች አሉ።

መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ስሙ ምን ይሥራልኝ?» የሚለው ነው። ለአንዱ ስም ራሱን የሚያረጋጋበት ነው፤ «ብቻዬን አይደለሁም፣ አልታመምኩም» ለማለት። ለሌላው እንደሱ ያሉትን የሚያገኝበት ነው። ለሦስተኛው ለወላጅ ወይም ለወዳጅ የሚያስረዳበት ነው። ለራስ የሚጠቅም ስም ለማስረዳት ላይመች ይችላል።

ሁለተኛ፣ አንድ አጋጣሚ ሳይሆን የዘመናት ልማድ ይታይ። የልብ ስብራት ያደረሰበት ሰው ለጊዜው ፍቅርን ሊጠላ ይችላል፤ የድካምና የሐዘን ወራትም ስሜትን ያደነዝዛሉ። አሮማንቲክነት ግን ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ሕይወቱን ሲያይ የሚያገኘው የቆየ መልክ ነው። «ጓደኞቼ ስለ ወደዱት ሰው ሲያወሩ እኔ የማወራው ነበረኝ? ወይስ እንዳይለዩኝ ብዬ አንድ ስም ጠርቼ አለፍኩ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ብዙ ያስታውሳል። ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም፤ ሰርተፍኬት የሚሰጥም የለም። ሰው ስለ ራሱ ልብ ከሚያውቀው የበለጠ የሚያውቅለት ማንም የለምና።

ሦስተኛ፣ ሰፊና ጠባብ ስም ይለይ። በዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያደገበት ጥበብ አለው። ብዙ ኦርቶዶክሳውያን ሁለት ስም ይዘን እንኖራለን፤ የዓለም ስምና የክርስትና ስም። በዓለም ስማችን በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤት፣ በገበያ እንጠራለን። የክርስትና ስማችንን የሚያውቁት የቤተሰብ ሰዎችና የነፍስ አባት ናቸው፤ በጸሎት ይጠራል። አንዱ እውነት፣ ሌላው ሐሰት አይደለም። የአሮማንቲክ ስሞችም በዚህ መንገድ ሊያዙ ይችላሉ። «አሮማንቲክ ነኝ» የሚለው ሰፊ ስም ለብዙ ሰው በቀላሉ ይገባል፤ «ሊትሮማንቲክ» ወይም «ኳሮማንቲክ» የሚለው ጠባብ ስም ለራስና ለልብ ወዳጅ ይቀመጣል። ለማንም ሳይናገሩ መያዝም ይቻላል፤ ያልተነገረ ስም ስምነቱ አይቀርም።

አራተኛ፣ ስም ሊለወጥ ይችላል። በ18 ዓመቱ አሮማንቲክ ነኝ ያለ ሰው በ30 ዓመቱ ዴሚሮማንቲክ መሆኑን ቢረዳ በመጀመሪያ አልዋሸም፤ በጊዜው ያወቀውን እውነት ተናግሯል። የውብዳር የሚለው ስም ጽጌ ማርያም ሲመጣ ሐሰት አልሆነም። በሌላ በኩል ሁኔታው ተለውጦም ስሙን መተው የማይፈልግ ሰው አለ፤ ድልድዩ ተጠግኖም «ሰባራ ድልድይ» እንደተባለ ሁሉ፣ አብሮት የኖረው ስም ታሪኩን ስለያዘለት ነው።

አምስተኛ፣ ስም ያለመያዝም መብት ነው። ከስሞቹ አንዱም የማይገጥመው፣ ወይም ስም የማያስፈልገው ሰው የጎደለው ነገር የለም። ስም የሚያገለግል መሣሪያ ነው፤ ማገልገሉን ሲያቆም ይቀመጣል።

ስድስተኛውና ዋነኛው፣ ሰያሚው ባለቤቱ ብቻ ነው። ወዳጃችን ለዓመታት ፍቅረኛ ባይዝ «አንተ አሮማንቲክ ነህ» ልንለው አይገባም። ሥራ በዝቶበት፣ ዐይናፋር ሆኖ፣ የሞተችበትን እያሰበ ሊሆን ይችላል። በበዛብህ ላይ የደረሰውን እናስታውስ።

ስሙ ለምን ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በ1992 ጃንኮቪያክና ፊሸር የተባሉ ሁለት አንትሮፖሎጂስቶች ስለ 166 ማኅበረሰቦች የተጻፈውን መርምረው በ147ቱ ውስጥ የፍቅረኛ ፍቅር ምልክት አግኝተዋል። ከዚህ ተነሥቶ «ፍቅር የሰው ልጅ ሁሉ ነው» ማለት ይቀላል። ጥናቱ የሚለው ግን ስሜቱ በየማኅበረሰቡ ይገኛል እንጂ በየሰዉ ይገኛል አይደለም። ዘፈን በየአገሩ አለ፤ ሁሉ ሰው ግን ዘፋኝ አይደለም።

አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ኤልዛቤት ብሬክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ልማድ ሰይመውታል። «ሰው ሁሉ የሚሻለው በአንድ የፍቅር ጥምረት ውስጥ ቢኖር ነው፣ ሁሉም ይህንኑ ይፈልጋል» የሚለውን ግምት «አማቶኖርማቲቪቲ» ብለውታል። ቃሉ ለአፍ ይከብዳል፤ ነገሩን ግን በየሠርጉ እንሰማዋለን። ላላገባ ሰው «ለወግ ማዕረግ ያብቃህ» የሚለው ምርቃት ከመልካም ልብ ይወጣል። ነገር ግን ወግና ማዕረግ በአንድ በር ብቻ እንደሚገቡ አድርጎ ይናገራል።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ከልማዳችን ቀድሟል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ፈቃድን መሠረት አድርገው የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገዋል። ነጻ ፈቃድ ማለት «እሺ» ማለት የሚቻለውን ያህል «አይሆንልኝም» ማለት የሚቻልበት ነው። ምክንያቱን በስም መጥራት የሚችል ሰው ደግሞ «አይሆንልኝም» ማለት ይቀለዋል።

አሮማንቲክ ሰዎች ሕይወታቸውን በምን ይሠራሉ? ብዙዎች ከፍቅረኛነት ውጭ ያሉ ጠንካራ ትስስሮችን ይመሠርታሉ። አብረው ለመኖር፣ እርስ በርስ ለመጦር፣ ልጅ አብረው ለማሳደግ የሚስማሙ ጓደኛሞች አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማስረዳት አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች የበለጠ የተዘጋጀ ነው። «ባልንጀራ» የሚለው ቃል «ባለ እንጀራ» ከሚለው እንደመጣ ይነገራል፤ አብሮ የሚቆርስ ማለት ነው። አብሮ አደግ አለን፣ የክርስትና አባትና እናት አሉን፣ አበ ልጅ አለን፣ ከሠርጉ ቀን በኋላም ለዕድሜ ልክ የሚጠራ ሚዜ አለን። የጽዋ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ እድሩ ሰውን ይዘው የሚያኖሩት ያገባ ነው ያላገባ ብለው አይደለም። ሰው ከፍቅረኛ ውጭ በብዙ ገመድ እንደሚያዝ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያውቁ ነበር።

ይሁን እንጂ ከዚህ አንድ ጥንቃቄ አይለይ። ከአሮማንቲኮች መካከል «ፍቅረኛ ባይኖራቸውም ጓደኞቻቸውን ይወዳሉኮ» ተብሎ መከላከልን የማይወዱ አሉ። ሰው ክቡር የሚሆነው መውደዱን ካስመሰከረ በኋላ ነውን? ብለው ይጠይቃሉ፤ ስለዚህም «ፍቅር አልባ» የሚለውን ስም ራሳቸው መርጠው፣ ያለ ኀፍረት ይይዙታል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አሊስ ኦዝማን እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ አንዲት አሮኤስ ተማሪ ላሳተሙት ልብ ወለድ የሰጡት ርእስም በአማርኛ «ፍቅር አልባ» እንደማለት ነው። የጎደለ ነገርን የሚናገር ስም በባለቤቱ አንደበት ሲነገር ስድብ መሆኑ እንደሚቀር ከሞጣ ሰዎች ተምረናል።

ታዲያ አንድ ቀን ወንድማችን ወይም ልጃችን ቡና ላይ ተቀምጦ «ፍቅር ይዞኝ አያውቅም» ቢለን ምን እንመልሳለን? «ገና ነህ፣ ይመጣል» ማለት ይቀናናል፤ ሳናውቀው ግን የነገረንን አልተቀበልንም ማለት ነው። «ሐኪም ጋ እንሂድ»፣ «ጸበል እንግባ» ማለትም ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ማድረግ ነው። ከዚያ ይልቅ ጥቂት ዝም ብለን እንስማው፤ ቀጥሎም «እንዲህ ያለውን ነገር አንተ ምን ብለህ ትጠራዋለህ?» ብለን እንጠይቀው። ስም ከሰጠን በዚያው እንጥራው፤ ገና ካላገኘ ደግሞ እስኪያገኝ እንጠብቀው። በሚቀጥለው ሠርግ ላይም ስንመርቀው «ለወግ ማዕረግ ያብቃህ» እንበለው፤ ወጉን መምረጥ ግን ለእሱ እንተውለት።